አራቱም ይባረኩ

ከአስተማሪው አልጋ አጠገብ የተኛው ሰውዬ ግዙፍ ነው። የሆስፒታሉ ጋውን ስለማይገጥምለት ሲራመድ የኋላውን በአንድ እጁ ጨምድዶ ይይዛል። «ውፍረትህን ቀንስና ና» እየተባለ ከስንት ሆስፒታል በር እንደተመለሰ ያስታውቃል፤ ማንም ሳይጠይቀው «እኔኮ የምበላው ትንሽ ነው» ይላል።

አስተማሪውም ከሱ የማይተናነስ ቦርጭ አለው። የሁለቱም ሕመም የኩላሊት ዕጢ ነው። አስተማሪው ጎኑ ተቀዶ ዕጢው ስለወጣለት፣ ሳል ሲመጣበት ትራስ ያቅፋል። ግዙፉን ግን ሮቦት ነው ኦፕራሲዮን ያደረገው፤ ሆዱ ላይ የቀሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው፣ በማግስቱም ተነስቶ ኮሪደሩን ይመላለስበት ጀመር።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ የሁለቱም ዕጢ ሙልጭ ብሎ እንደወጣ አበሰራቸው።

«እጅዎ ይባረክ፣ ዶክተር» አለ ግዙፉ።

«እኔማ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከሩቅ ስመራ ነበር። የነካዎት ማሽኑ ነው።»

«ስንት እጅ አለው?»

«አራት።»

«አራቱም ይባረኩ። የጎረቤቴን ጎን የቀደዱት ሁለቱም ይባረኩ።»

አስተማሪው ሳቀና ጎኑን ያዘ። «አታስቀኝ፣ ስፌቴ ይፈታል።»

ሐኪሙ እንደወጣ ግዙፉ «በል ተነስ፣ እስከ መስኮቱ እንሂድ» አለው።

ኮሪደሩ በጠያቂ ተሞልቷል። መሀል ላይ ሲደርሱ አስተማሪው ተንገዳገደ፤ ግዙፉ በሁለት እጁ ደገፈው። ጋውኑ ከኋላ ብርግድ አለ።

«ኧረ ኋላህ» አለ አስተማሪው በሹክሹክታ።

«ይዩት» አለ ግዙፉ፣ እጁን ወደ ጋውኑ ሳይመልስ። «ዕጢው ወጥቷል፤ የተረፈው ሁሉ የኔ ነው።»