ተራዋ ያልደረሰ መጽሐፍ

አዲስ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ገጾቹ ገና ሳይላቀቁ የሚወጣውን የቀለምና የሙጫ ሽታ እስከ ዛሬ ከማንበቤ በፊት አሸተዋለሁ። ሽታውን እወደዋለሁ፣ ነገር ግን ደስታው ሳይቆይ አንድ ሐምሌ፣ አንድ የጎታ ሥርና የአንድ ሕፃን ድምፅ ተከታትለው ይመጡብኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንበቤን የሚያውቁ የሰፈር ወጣቶች «እትዬ፣ ሰሞኑን ካነበቡት ልብ ወለድም ሆነ የእውቀት መጽሐፍ፣ አንብቡት የሚሉን የቱን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ወዲያው አልመልስላቸውም። ዕድሜዬ ጆሮዬን የደፈነው እየመሰላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙልኛል።

ያደግሁት ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ነው። ጣሊያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አባቴ የደብሩ የንባብ መምህር ስለነበሩ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ ሴት ልጅ ናት ሳይሉ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። የኔታ ዘንድ መጽሐፍ ተራ ነበረው። አንዱ ከዳር እስከ ዳር ተነቦ ሳያልቅ ሁለተኛው አይከፈትም ነበር። ተራ የዘለለ ተማሪ አለንጋ ይቀምሳል፤ ዋሽቶ የዘለለ ደግሞ የቀመሰውን አይረሳውም። ሕጉ የወጣው ለብራና መጽሐፍ ነበር፣ የታተመ መጽሐፍ ቤታችን ሲገባ ግን ሌላ ሕግ አላወጡለትም።

የታተመውን ያመጣችልን እትዬ ጥሩነሽ ናት። የእናቴ የአክስቷ ልጅ ስትሆን ጎንደር ከተማ የአስታማሚነት ትምህርት ትማር ነበር። በዚያ ዓመት ለጥምቀት በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍራ፣ አቧራ ለብሳ መጣችና ከቦርሳዋ ሁለት መጻሕፍት አውጥታ ሰጠችኝ። አንደኛው ወፍራም ልብ ወለድ ነበር፣ ሁለተኛዋ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ፣ ሽፋኗ ላይ አንዳች ሥዕል የሌላት ስስ መጽሐፍ ነበረች። ወንድሜ ታከለ ያን ጊዜ የሁለት ወር ልጅ ነበር። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራ ስለነበር ታከለ ያለችው እሷው ናት፣ ስሙን ስትጠራም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽን ማኪና ድረስ ስሸኛት ትከሻዬን ይዛ፣ «የሺዬ፣ ትንሿን አስቀድመሽ ለእናትሽ አንብቢላት። ስለ ሕፃናት በሽታ ነው። ወፍራሙ የትም አይሄድብሽም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ግን ከዚያ በፊት የወፍራሙን የመጀመሪያ ገጽ ሰርቄ አንብቤ ነበር። እንጀራ እናቷ የበደለቻት አንዲት ልጅ ጠጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ አባቷን ፍለጋ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ልትጓዝ ስትነሳ ነው የሚጀምረው። ቤት ስመለስ የኔታ ሁለቱን መጻሕፍት በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ እህል ሚዛን ከፍ ዝቅ ያደርጓቸው ነበር።

«የቱ ነው የሚቀድመው?» አሉኝ።

«ወፍራሙ ነው የኔታ። እትዬ ጥሩነሽ ናት ያለችኝ።»

ትንሿን በጨርቅ ጠቅልለው ማኅደር ውስጥ ከተቷት፣ ማኅደሩንም ግድግዳው ላይ ከተሰካው ቀንድ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ እስከ መስከረም አላየኋትም።

ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ የሚካኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ሥራ የማይሠራ ስለሆነ፣ የጎረቤት ሴቶች ከቅዳሴ መልስ እጃቸውን አጣጥፈው ቤታችን ይሰበሰቡና አነብላቸው ነበር። የኔታ ልብ ወለዱንም እንደ ብራናው አንድ ገጽ በዝግታ፣ ከዚያ ያንኑ ገጽ እንደገና በፍጥነት ያስነብቡኝ ስለነበር፣ ሴቶቹ እንጀራ እናቲቱን ለአንድ ክፋቷ ሁለት ሁለት ጊዜ ይረግሟት ነበር። እናቴ ታከለን አቅፋ እኔ አጠገብ ትቀመጣለች፣ እሱም እየፋፋ ሄዶ ፋሲካ ሲደርስ ገጹን በጡጫው ጨምድዶ ወደ አፉ መሳብ ጀምሮ ነበር። «ሸጋው ልጄ፣ አንተም ካህን ልትሆን ነው?» ትለውና ጣቶቹን አንድ በአንድ ታስለቅቀዋለች። እንደዚያ ዓመት ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህም አላየኋትም።

ክረምቱ ሲገባ የወገራ መንገድ ጭቃ ሆነ፣ ማኪናም ቀረ። በሐምሌ ታከለን ተቅማጥ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን ያለቅስ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ድምፁ ሰለለ፣ ዓይኖቹም ወደ ውስጥ ገቡ። ጎረቤታችን እማሆይ፣ ሕፃን ሲታመም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩና፣ መጥተው ሆዱን ዳሰሱና ውሃ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ፣ ጡትም እንዲቀነስበት አዘዙ።

«ምነው እማሆይ፣ ከንፈሩ ደርቆ እያየሁ?» አለቻቸው እናቴ።

«ውሃ በውሃ ላይ ልትጨምሪበት ነው? ጨክኚ ልጄ!»

እናቴ ጨከነች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን እያረጠበው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። የማኅደሩ ቀንድ ከራሷ በላይ ነበር።

እኔ አስታውሼ ነበር። አላስታወስኩም ማለት ቢቻለኝ ስንት ቀን እፎይ ባልኩ። እትዬ ጥሩነሽ «ስለ ሕፃናት በሽታ ነው» ያለችኝ ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ነገር ግን ያን ብናገር የኔታ «ታዲያ ቀዳሚዋ እሷ ኖራለች?» ብለው ውሸቴን ሊያወጡት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና አንድ መላ መጣልኝ፤ ከወፍራሙ የቀረኝ አርባ ገጽ ያህል ስለነበር፣ እሱን ቶሎ ከጨረስኩት ትንሿ ያለ ውሸት፣ ያለ አለንጋ፣ በሕጓ ተራዋ ይደርሳታል ብዬ አሰብኩ። መጽሐፉን በቀሚሴ ሥር ሸጉጬ ከገብሱ ጎታ ሥር ገባሁና፣ በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ማንበብ ጀመርኩ።

የየኔታን ሕግ ደግሞ ማጉደል ፈርቼ አንዱን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ማንም አያየኝም ነበር፣ ብዘለው የሚያውቅብኝ አልነበረም፣ እኔ ግን ይህን ሕግ ከጠበቅሁ እግዜር ያኛውን ውሸቴን የሚተውልኝ መሰለኝ። ከሁሉ የማፍርበት ደግሞ ሌላ ነው። እያነበብኩ ስሄድ ታከለን ረሳሁት። ልጅቱ አባቷን በገበያ መካከል አግኝታው ሳያውቃት ሲያልፍ፣ እዚያ ጎታ ሥር እንባዬ እስኪወርድ አለቀስኩላት፤ ወንድሜ ከግድግዳው ወዲያ ማልቀስ አቅቶት እያለ ለወረቀት ልጅ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨረስኩት። ከጎታው ሥር ወጥቼ፣ ገለባ በጠጉሬ ላይ እንደተሰገሰገ እየሮጥኩ ገባሁና፣ «የኔታ! ወፍራሙ አለቀ! የትንሿ ተራ ደርሷል!» አልኩ።

የኔታ መደብ ላይ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። እናቴ ታከለን በነጠላዋ ጠቅልላ ፊቱን ሸፍናዋለች።

«ተይው የሺ» አሉኝ፣ እንደዚያ ቀን ለስልሰው ተናግረውኝ አያውቁም። «ዛሬ ንባብ የለም።»

ከማኅደሩ ያወረድኳት ለመስከረም ማርያም፣ የኔታና እናቴ ቅዳሴ ሄደው ሳለ ነው። ትንሿ መጽሐፍ ተነባ ለማለቅ የእንቁላል መቀቀያ ያህል ጊዜ እንኳ አትወስድም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት እንዳይከለከል፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም ቶሎ ቶሎ በማንኪያ እንዲሰጠው ትላለች፤ በስድስተኛው ገጽ ላይ ነው። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና መልሼ ጠቅልዬ ሰቀልኳት።

መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት፣ እትዬ ጥሩነሽ ለለቅሶ መጣች። ቦርሳዋ አብጦ ነበር፤ የትንሿ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ይዛ፣ ገበያ ለሚወጡት የወገራ እናቶች ፊደል በሚያውቅ ልጃቸው እጅ ልታድል ነበር ያሰበችው። እናቴ ካለቀሰች በኋላ እንባዋን ጠርጋ፣ «ጥሩዬ፣ እንዴት ያለ ሸጋ መጽሐፍ ነው ያመጣሽልኝ! የሺ እየደገመች የምታነብልኝ ያ ወፍራሙ ባይኖር በሐዘኔ አብጄ ነበር» አለቻት።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ትንሿንስ? አነበብሽላት?»

የኔታ ደጃፉ ላይ ከለቀስተኞች ጋር ያወሩ ነበር፤ እውነቱን ብነግራት ጮኻ እንዳታሰማቸው ፈራሁ።

«አንብቤላታለሁ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ውሃውን አፍልታችሁ ሰጣችሁት?»

«አዎ» በሚል አንገቴን ነቀነቅሁ። እናቴ ለቅሶዋን እንደገና ጀምራ ስለነበር አልሰማችንም። እትዬ ጥሩነሽ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ መደቡ ጥግ ገፋችው። በማግስቱ ገበያው ሞልቶ እናቶቹ ሲተራመሱ ቦርሳዋን ሳትከፍት ማኪና ጠብቃ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ለስንቱ ቤት ሊደርስ የነበረ መጽሐፍ በእኔ አንገት ንቅናቄ እንደተመለሰ ማሰብ የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ አለው። ወጣቷ የጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ታስተምራለች፣ የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች ሴትም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ እንደማይከለከል አንድም መጽሐፍ ሳትገልጥ ታውቃለች። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ደስ እያለኝም ይቆጨኛል። ለሚጠይቁኝ ወጣቶች በመጨረሻ እመልስላቸዋለሁ፤ ልብ ወለዱንም የእውቀቱንም እነግራቸዋለሁ፣ የትኛውን ያስቀድሙ የሚለውን ግን ለራሳቸው እተውላቸዋለሁ። የኔታና እናቴ ነገሩን ሳይሰሙ አረፉ። እትዬ ጥሩነሽ ግን አርጅታ ጎንደር ትኖራለች፣ በዓል ሲደርስ እየሄድኩ አያታለሁ። ዓይኗ ደክሟል፣ ትዝታዋ ግን ደህና ነውና አንዳንድ ጊዜ ታከለን ታነሳብኛለች።

«መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ አድርጋችሁለት ነበር እኮ» ትለኛለች እጄን ይዛ። «ከእግዜር ጋር ምን ይደረጋል?»

«አዎ እትዬ» እላታለሁ።