ክሩዝ ምን ያደርግልዎታል?

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። መኪናዬ አሮጌ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ናት፤ ቢሆንም ክሩዝ ኮንትሮል አላት። የፈለግኸውን ፍጥነት ይዘህ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ከተጫንክ፣ እግርህን ከነዳጁ ብታነሳም በዚያው ፍጥነት ትሄዳለች። ይህ ነገር አንድ ቀን ድንገት እምቢ አለ። ብጫን፣ ብጫን፣ ወይ ፍንክች።

ለእኔ ቅንጦት አልነበረም። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሬ ነዳጅ ላይ ሲቆይ ይደነዝዛል። ዝዋይ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች እህት አለችኝ፤ በየአስራ አምስት ቀኑ እሄዳለሁ። ልጆቼ የእግሬን ነገር ቢያውቁ መኪናውን ሽጥ ብለው ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አዲስ ከተማ ያለው መካኒኬ ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ባጃጅ መሃል ክሩዝ ምን ያደርግልዎታል?"

"አንተ ሥራህን ሥራ!" አልኩት።

ፊውዙን አይቶ ደህና ነው አለና ሸኘኝ። በሳምንቱ ስመለስ ያንኑ ጠየቀኝ። በሦስተኛው "ግን ለምን ፈለጉት?" አለና ዝም ስለው፣ የክሩዙን ሽቦ ቆርጠን እንገላገል አለኝ። ቆርጠን! የሰው ንብረት እኮ ነው! ያልገባውን ሁሉ አያስፈልግም የሚል ሰው ያንገበግበኛል።

ቤቴ ገብቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጭንቅላቴን መሪው ሥር ሰደድኩ። ምንጣፉ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ፍርፋሪ አየሁ። ቀና ስል፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር ከሚረገጠው ከፍሪሲዮኑ ፔዳል በላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ፔዳሉ ሲመለስ እሷን የሚጫናት ፕላስቲክ አርጅቶ ረግፏል። መኪናዋ ሁልጊዜ ፍሪሲዮን የረገጥኩ ይመስላታል ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን ከተረገጠ ደግሞ ክሩዝ አይሠራም። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጬ ፕላስቲኩ የነበረበትን የፔዳሉን ቀዳዳ ወተፍኩበት። በማግስቱ እግሬን ዘርግቼ ዝዋይ ደርሼ መጣሁ።

ስመለስ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ፤ ልሰድበው።

"አንዲት ቁራጭ ጎማ! ይህን ማየት አቅቶህ ነው ሽቦ የምትቆርጠው?" እያልኩ የመኪናዬን በር ከፈትኩና፣ እንደለመድኩት ቀኝ እግሬን በሁለት እጄ አንስቼ አወጣሁት።

መካኒኩ እግሬን አየ። ሳቁ ጠፋ።

"ጋሼ፣ እግርዎን ያምዎታል እንዴ? ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"መች ጠየቅከኝ!" ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ።

ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር።