የፊተኛው ግማሽ

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባለው የመጻሕፍት መደብ በኩል ሳልፍ፣ ሻጩ የአንድ ደራሲ ልብ ወለዶችን ብቻ ከፊት ደርድሮ፣ ሽበት የወረራቸው ሰዎች ዙሪያውን ቆመው አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ ሲያወሩ ደረስሁ። ያ በግድያ ታሪኮቹ የኛን ዘመን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያሳጣ ደራሲ ማረፉን የሰማሁት እዚያ ነው። አንዱን መጽሐፍ አንሥቼ ስገልጠው፣ እርጥበት የጠጣ ጆንያ የሚመስለው የዚያ ሻካራ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ለእሱ ማዘን ጀምሬ ሳላውቀው ለታላቅ እኅቴ ለብርቄ ማልቀስ ያዝሁ።

ያደግነው አባታችን ከሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ፣ ከጋሼ ሙላት ጋር ግድግዳ ተጋርተን ነው። ጋሼ ሙላት የሽመና ማሽን ሠራተኛ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ ከመጽሐፍ በቀር ሱስ የማያውቁ ሰው ነበሩ። የደራሲው አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲገባ ሁለቱ ቤቶች አዋጥተን አንድ እንገዛለን። ተራ የሚጠብቅ አንጀት ግን ማንም ስላልነበረው፣ ጋሼ ሙላት መጽሐፉን በምላጭ ከወገቡ ለሁለት ይከፍሉትና እያንዳንዱን ግማሽ በፋብሪካ ክር ሰፍተው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይለብጡታል። የፊተኛው ግማሽ በዕድሜ ለሚበልጡት ለእሳቸው፣ የኋለኛው ለእኛ ነው፤ ሲጨረስ እንለዋወጣለን። እናም እኛ ቤት ሰው የሚገደለው ገዳዩ ከተያዘ በኋላ ነበር።

ብርቄ በዚህ ተከፍታ አታውቅም። የኋለኛውን ግማሽ እንደጨረሰች ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር ትወስደኝና፣ ደንገሉ አጠገብ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ያላነበበችውን መጀመሪያ ከራሷ እየፈጠረች ትተርክልኛለች፤ ገዳዩ ለምን ቂም እንደያዘ፣ ሟች የመጨረሻ ምሳውን ምን እንደበላ ሳይቀር። የፊተኛው ግማሽ ሲመጣ ግምቷን ታመሳክራለች። ካልገጠመ የተሳሳተው ደራሲው ነው፤ ተከራክሮ የሚረታት አልነበረም።

በአንዱ ክረምት ማለቂያ ብርቄን ወባ ያዛት። ሁላችንም እየታመምን የምንድንበት በሽታ ስለነበር የደነገጠ ሰው አልነበረም። የኋለኛውን ግማሽ ጨርሳው ነበር፤ መጀመሪያውን ግን አልተረከችልኝም። "ይኼኛውስ አልፈታ አለኝ፤ ላንብበውና እነግርሻለሁ" አለችኝ። ከትራሷ ቀና ባለች ቁጥር የምትጠይቀው "ጋሼ ሙላት ጨረሱ?" እያለች ነው። እኔ ግድግዳውን አንኳኳለሁ፤ ከወዲያ "ትንሽ ነው የቀረኝ፣ በያት" የሚል ድምፅ ይመለሳል። ጋሼ ሙላት የጣፈጣቸውን ገጽ ደጋግመው ካላነበቡ ወደ ሌላው የማያልፉ ሰው ነበሩ።

ብርቄ ሞተች። ለቅሶው ሳይነሣ ጋሼ ሙላት ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ የፊተኛውን ግማሽ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው እናቴ የተቀመጠችበት ፍራሽ ጫፍ ላይ አኖሩት። እናቴ ሁለቱንም ግማሾች ከብርቄ ልብስ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። በልማዳችን የኋለኛውን ለእሳቸው መስጠት ይገባን ነበር፤ ያስታወሰ የለም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል መጽሐፍ አልተከፈለም።

ቅዳሜ ዕለት ከመደቡ ቤቴ ገብቼ የኋለኛውን ግማሽ ከእናቴ ሣጥን አወጣሁና፣ ጋሼ ሙላት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደሚኖሩበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሰባታሚት ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል። የደራሲውን ሞት በሬዲዮ ሰምተው ቆይተዋል። መጽሐፉን እጃቸው ላይ ሳኖረው ጀርባውን ዳሰሱ፤ የሰፉበትን ክር በጣታቸው አወቁት።

"መጨረሻውን ላንብብልዎት?" አልሁ።

መጽሐፉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። "አንድ ቀን ቀድሜ ጨርሸው ቢሆን ይደርስላት ነበር። እሷ መጀመሪያውን ሳታውቅ ሄዳ፣ እኔ መጨረሻውን አውቄ ምን ላደርገው ነው? ተይው፣ ልጄ።"

መልሼ ይዤው መጣሁ። የፊተኛውንም እኔ እስከ ዛሬ አልገለጥሁትም። መደቡ ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ደራሲያቸው ሲናፍቃቸው መጽሐፉን አንሥተው ያገኙታል። ብርቄ ሐይቁ ዳር የፈጠረችልኝን መጀመሪያዎች ግን የጻፋቸው የለም፤ እኔም አንዱን እንኳ አሟልቼ አላስታውሰውም።