የዝንብ አዋላጇ

ዝንብ ስታይ ያቅለሸልሻት ነበር፤ እንጀራዋ የወጣው ግን ከዝንብ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ የተገኘላት የፍሬ ዝንብ በሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳትነት ነበር።

ክፍሉ ይሞቃል፤ እርሾና የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ይሸታል። በመደርደሪያው ላይ በተደረደሩት ጠርሙሶች ውስጥ ከላይ ዝንቦቹ ይርመሰመሳሉ፣ ከታች ትሎቻቸው ምግባቸው በሆነው ቡኮ ውስጥ ይላወሳሉ። እሷ እንስቶቹን በጋዝ አደንዝዛ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሆዳቸውን በቀጭን ወረንጦ ከፍታ እንቁላላቸውን ታወጣለች። አንዴ እያወራች ሳለ ያመለጠች ዝንብ አፏ ገብታባት አስታወከች። ኃላፊዋ "ትለምጂዋለሽ" አላት። ሥራውን በደንብ ለመደችው፤ ዝንቡን ግን አልለመደችውም።

ባሏ የቤት ዕቃ መደብር ሻጭ ነው። ከሥራ ስትገባ ጠጉሯን አሽትቶ ፊቱን ያጨማድዳል። እህቱ "የዝንብ አዋላጅ" የሚል ስም ካወጣችላት ወዲህማ፣ የሚስቱን ሥራ ለሰው መናገር ሞት ሆነበት።

አንድ እሑድ የመደብሩ ባለቤት ምሳ ጋበዟቸው። ገና ከመቀመጣቸው የባለቤቱ ሚስት ወንበራቸውን ወደሷ ጠጋ አደረጉ።

"ልጄ፣ አንቺን እግዜር ነው ያመጣልኝ። የልጅ ልጄን ሰሞኑን ትኩሳት አልለቀው ብሏል። ባልሽ የሕፃናት ሐኪም መሆንሽን ሲነግረን፣ እሷ ትየው ብለን አቆየነው።"

ወደ ባሏ ዞረች። አቀርቅሮ ዳቦ ይቆርሳል፤ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት።

"እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም" አለች። "የማየው የዝንብ እንቁላል ነው። ልጁን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይላኩት።"

ሴትዮዋ ተነሥተው ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ፣ "ለመሆኑ የዝንብ እንቁላል ምኑ ይታያል?" ብለው ጠየቋት።

"ራስና ጅራት የት እንደሚሆን የሚወሰነው እዚያ ነው። እንቁላሉን የሚመግቡት አጠገቡ ያሉ ሴሎች ናቸው። መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባል ትእዛዝ ሠርተው ይልኩለታል። ትእዛዙን እንደ ሐዲድ በተዘረጉ ክሮች ላይ የሚሄዱ ጥቃቅን ተሸካሚዎች ያደርሱታል። አንዱ ትእዛዝ ፊተኛው ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ራስ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ሌላው እስከ ኋላ ጫፍ ይሄዳል፤ ጅራቱ እዚያ ይሆናል።"

"የኋላው ፊት ቢቀመጥስ?"

"እንቁላሉ ውስጥ ያለው ትል በሁለቱም ጫፍ ጅራት ይሆናል። ራስ የለው፣ አፍ የለው። ሳይፈለፈል ይሞታል። ባየሁት ቁጥር ይዘገንነኛል።"

ሴትዮዋ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባሏ ግን ላብ አጥምቆታል።

መኪና ውስጥ እንደገቡ "አዋረድሽኝ" አላት። "ትኩሳት ነው፣ ውሃ ስጡት ብትያቸው ምን ነበረበት?"

"ልጁ ቢሞትስ?"

"ላንቺ ምንሽ ነው?"

መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየር ሳበች። ከዚያ ወዲያ እሱ በተቀመጠበት ማዕድ እህል አልወርድ አላት። አፉ ሲያላምጥ፣ ከንፈሩ ሲወዛ ማየት አስጠላት። እጁ ትከሻዋን ሲነካት ሰውነቷ ይኮማተራል።

ልጁን የሳንባ ምች ይዞት ኖሮ፣ ታክሞ ዳነ፤ ሴትዮዋ ራሳቸው ደውለው ነገሯት። ይህን ለባሏ ብትነግረው፣ "እሰይ፣ የመደብሩ ባለቤት አልተቀየሙኝም ማለት ነው" አለ። በማግስቱ ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት ገባች።

እናቷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ "ለዝንብ ስትል ትዳሯን ፈታች እያሉሽ ነው" አለቻት።

"ዝንብማ አሁንም ያስጠላኛል፣ እማዬ። ግን እጄን ታጥቤ እወጣለሁ። እሱን ምን ላድርገው?"

እናቷ አንሶላውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"እኔም አባትሽ አንድ ሰሞን እንዲሁ አስጠልቶኝ..." ብላ ጀመረችና ተወችው።