ለሾፌሩ ድምፅ የተገኘ ወንበር

ታይፒስቷን ሰፈሩ ውስጥ የማያውቃት የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ሥራ እንደለቀቀ ከጎረቤት ቀድማ ትሰማለች። አፏ ግን ቁልፍ ነው። እኛ ወሬ ወዳዶች ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልናትም።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ያለ ጡሩምባ መንገድ የሚያስለቅቅ ድምፅ ነበረው። ያ ድምፅ ታመመ። ሐሙስ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ቀጠሮ ተያዘ፤ ሐኪሙም "ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል" አለው። ታይፒስቷ ልጁ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አያቱን ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ አልታያትም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የምትሠራበት ሱቅ ድረስ ይዛው መጣችና ተረት ልታስቀዳው ማይክራፎን ፊት አስቀመጠችው።

"አንድ ሰነፍ አህያ ነበረ..." ብሎ ጀመረ። መልሰው ሲሰሙት ድምፁ ይቆራረጣል፤ "አን... ነፍ... ህያ... በረ።"

"ይሄ አህያ በየቦታው ይወድቃል እንዴ?" አለ አባት።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። በዚያው ሰዓት የትምህርት ቤት ፈተና ያትማል፣ ቫይረስ ያድናል፣ አሁን ደግሞ ሾፌር ይቀዳል።

"ማተሚያውን እንዳትነኪው!" አለች የሱቁ ባለቤት ከወዲያ ጠረጴዛ። "ርዕሰ መምህሩ መንገድ ላይ ነው!"

ታይፒስቷ ኮምፒውተር የተማረችው እየነካካች፣ እያበላሸች ነው። የማሽኑ አንጎል ውስጥ ኮር የሚባሉ አራት ሠራተኞች እንዳሉ፣ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ኮር እንደሚሠራም መምረጥ እንደሚቻል ታውቃለች። ማሽኑ የያዘውን ሥራ ሁሉ የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀርን ከፈተች። መቅጃውን ለመጀመሪያው ኮር ብቻ ሰጠችው፤ ማተሚያውንና ሌላውን ኮተት ወደ ሦስቱ ገፋችው። "አባት ከፊት እንጂ ከኋላ ይቀመጣል እንዴ!" እያለች አራቱን ኮሮች በጣቷ አሳየችው።

እንደገና ቀዱ። ተሻለው፤ ግን አህያው አሁንም አልፎ አልፎ ስቅ ይለዋል። ማውሱን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ስቅ። ኢሜይል በመጣ ቁጥር ስቅ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ነገ ሆስፒታል ትገባለህ፣ እኔ ደግሞ አንዲት ተረት እንኳ..."

"ቆይ እስቲ። የት ነው ያስቀመጥሽኝ?" አለ አባት።

"አንደኛው ላይ ነዋ! አባቴ አይደለህ?"

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ውኃ ተጎነጨ።

"አይ ልጄ! ሠላሳ ዓመት ነድቼ ይሄን አጣዋለሁ? በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የክብር ይመስላል እንጂ የሚገባውም የሚወጣውም እሱን ረግጦ ነው። እንቅልፍ የፈለገ ተሳፋሪ የት ይሄዳል?"

"ኋላ።"

"በይ ኋላ ውሰጂኝ።"

እውነቱን ነበር። ማሽኑ የራሱን ጉዳይ፣ የማውሱንም የኢንተርኔቱንም ጥሪ፣ የሚያስተናግደው በአብዛኛው በመጀመሪያው ኮር ነው። የመቅጃውን ምልክት ከዚያ ላይ አንስታ መጨረሻው ኮር ላይ አደረገችው፤ ማተሚያውንና ኮተቱን ወደ ፊተኞቹ ሦስት አዞረች።

አህያው ከዳር እስከ ዳር ሳይሰናከል ሄደ። የሱቁ ባለቤትም ወረቀት መቁጠሯን ትታ ታዳምጥ ጀመር። ሱቁ እስኪዘጋ አምስት ተረት ተቀዳ፤ በአምስቱም ውስጥ ሾፌሩ ያለ አግባብ ጀግና ነው።

ቀዶ ሕክምናው ደኅና አለፈ። ድምፁ ግን እንደ ክር ቀጠነ። በስድስተኛው ሳምንት ሾፌሩ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ሱቅ ገባ።

"ሦስተኛውን ተረት ሰማሁት" አለ በሹክሹክታ። "ዝንጀሮዋን ከዳር ረስቼ ሌሎቹን ወንዙን አሻገርኳቸው። የልጅ ልጄ ይሳሳትብኛል።"

"እንዳለ ይሁን አባዬ፤ ድምፅህ..."

"ዝንጀሮዋ በዚህኛውም ድምፅ ትሻገራለች። ክፈቺው።"

ፕሮግራሙ በተዘጋ ቁጥር ምርጫዋን ስለሚረሳ የኮሩን ምልክት እንደገና አስተካከለችለት። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋ።