እትዬ ዘይነባና የኩፍኝ ጨለማዬ

ጀርመኖች መስኮታቸውን ከውጭ በኩል በሚጠቀለል መዝጊያ ይከድኑታል። ጠዋት ጠዋት ከታች ያለችው ጎረቤቴ የእሷን ስትስበው ቅርር፣ ቅርር እያለ ይወጣል። ባሌ አንዱዓለም ድምፁን አይወደውም። እኔ ግን የራሳችንን ስስብ ግማሽ ላይ አቆመዋለሁ። በቀዳዳዎቹ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ በቀጭን በቀጭኑ ሲተኛ ሞጣ ነኝ፣ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ኩፍኝ ይዞኛል።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ከተዛወርን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር ገጠር ገጠሩን ሲዞር ይሰነብታል፤ እናቴ ዘመድ በሌላት ከተማ ከእኔ ጋር ብቻዋን ናት። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ብርሃን ካየ ዓይኑ ይጠፋል ይባል ነበርና የጣውላው መስኮት ተዘጋ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠለጠለ፣ ኩራዙም ከጓዳ እንዳይወጣ ተከለከለ። አሁን ሐኪም ብትጠይቁ ጨለማው መድኃኒት አይደለም ይላችኋል። እውነቱን ነው። ያኔ ግን ማን ይንገረን?

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ደልደል ያሉ፣ ቀይ፣ ሰው ሳይተርቡ የማይውሉ ሴት ነበሩ። ሲገቡ ገና ያልታጠበ የአቡጀዲ ሽታ ከሽቶ ጋር ተቀላቅሎ ቀድሟቸው ይገባል። በተዘጋው መስኮት ስንጥቅ የምትገባዋን ብርሃን ሳይቀር በጥቁር ጨርቅ የደፈኗት እሳቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ በኩፍኝ ዓይኑን አጥቶ ስለነበር በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ሽፍታው ደረቀ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ፤ ዓይኔ ግን አልከፈት አለ። ብርሃን ነካ ሲያደርገኝ በርበሬ የገባበት ያህል ስለሚያቃጥለኝ ጨፍኜ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ልጄ ታያለች ወይስ አታይም የሚለው ነገር እናቴን እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አልቻለችም፤ እንግዲህ ይለይልኝ ብላ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። ጩኸቴን የሰሙት እትዬ ዘይነባ የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከች አሉና በሩን በሰውነታቸው ሞሉት።

"ተያት ልጄ" አሏት። "ጎትተሽ ብታወጫት ጨፍና ነው የምትወጣው። ቀስ ብለን እናስለምዳት፤ ራሷ ትከፍተዋለች።"

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እሳቸው ያዙት። መጀመሪያ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥተው አስቀመጡኝና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉት። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ፊት ለፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ ጥላ ሆኖ ይመጣል። ይሄ ማነው እያሉ ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ አህያ ነው አልኩ፤ ለካ ጣቃ ጨርቅ የተሸከሙት ባላቸው ኖረዋል። እትዬ ዘይነባ ይህን ላገኙት ሁሉ እያወሩ፣ ባላቸውን ሲስቁባቸው ከረሙ።

ጥላውን ስለምደው በሳፋ ውሃ ሞልተው በሩ ሥር አኖሩልኝ፤ ሰማዩንና የባሕር ዛፉን ጫፍ ከውሃው ውስጥ አየሁ። ቀጥለው ሲመሽ አዝለውኝ ወደ ግቢ ወጡ። ኮከብ አይቆጣም፣ እሱን እይ አሉኝ። እናቴ ምን እንደሚታየኝ ለመጠየቅ ፈርታ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል፣ እጄን ሳይዙኝ ከደጃፉ ላይ ቆሙና ጠበቁኝ። በራሴ እግር ወጣሁ። ዓይኔ አለቀሰ እንጂ አልተጨፈነም።

"እማዬ፣ ከስተሻል" አልኳት።

እናቴ ተመስገን፣ እትዬ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ ያሉት እኩል ነው። ያን ሁሉ ቀን ጠንክረው የከረሙት ሴትዮ ሜትራቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

አድጌ አግብቼ ባሌ ወደ ጀርመን ሲያስመጣኝ፣ ቢቸናን ለቅቄ ሞጣን እንደለመድኩ ይህንንም እለምዳለሁ ብዬ ነበር። ወይ መልመድ! አንዱዓለም አይፈረድበትም፣ ለእኔው ብሎ ነው፤ ግን ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ባንክ፣ ዋና፣ የሥራ ጓደኞቹ ልደት እያለ አዞረኝ። ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ። ቋንቋ ትምህርት ቤትም ከገባሁ ጀምሮ አፌን አልከፈትኩም። ደነዝ የሆንኩ መሰለኝና አፈርኩ። ትምህርቱ ሲዘጋ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ አልኩት፤ ደግሞም ቆርጬ ነበር።

አንድ ቀን አስተማሪያችን የአንድ ጥንታዊ የግሪክ ፈላስፋ ምሳሌ ነገረችን። ሰዎች ዋሻ ውስጥ ታስረው ይኖራሉ፤ የሚያዩት ግድግዳው ላይ የሚያልፈውን ጥላ ብቻ ነው። አንዱን ፈትተው እየጎተቱ ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ዓይኑን ያመዋል፤ ወደ ዋሻው ልመለስ ይላል። እዚህ ላይ አቆመችና ለምን መመለስ ፈለገ ብላ ጠየቀች። አንዱ አላዋቂነት ነው አለ፣ ሌላዋ ልማድ ነው አለች። የምትጠይቀው ስለ እኔ መሰለኝ። እጄን መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም።

"ስለጎተቱት ነው" አልኩ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ። "መጀመሪያ ሲመሽ ያውጡት።"

አስተማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይህን አንብበሽው ታውቂያለሽ?"

የጀርመንኛውን ቃል ከስልኬ ላይ ፈለግኩና "አይ፣ ኩፍኝ ይዞኝ ያውቃል" አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ የቀረውን ነገረችን፤ ሰውየው መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ የሚታየውን፣ ቀጥሎ የሌሊቱን ሰማይ፣ በመጨረሻ ፀሐይን ለመደ አለች። ጉድ እኮ ነው! ፈላስፋው የእትዬ ዘይነባ ጎረቤት ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስገባ ለአንዱዓለም ሁሉንም ነገርኩት። አልሄድም፣ አንተ ግን አትጎትተኝ አልኩት። ታዲያ መቼ ትወጫለሽ አለኝ፤ ሲመሽ አልኩት። አመሻሹ ላይ በከተማዋ መሃል የሚያልፈው ወንዝ ዳር ሄድን። መብራቶቹ ውሃው ላይ ይርገበገባሉ፤ ከተማዋን ደህና አድርጌ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። ፎቶግራፋቸው እንኳ የለኝም። አሁንም በጀርመንኛው ከክፍሌ ተማሪዎች ሁሉ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ግን አላፍርም።