ብርድ ላይ የበቀለ ሾላ

ልጆቹ "እምዬ፣ ይኼን ነገር ይንገሩን" ብለው የያዙኝ በአንድ አሮጌ ካርታ የተነሳ ነው።

ካርታው ማጠፊያው ላይ ተልጧል፤ ሲዘረጉት የቆየ ጎተራ ይሸታል። ቡናማ መስመሮቹ እንደ አውራ ጣት አሻራ ይዞራሉ። የልጅ ልጄ መስመሮቹ የተቀራረቡበት ገደል ነው አለችኝ። የድሮ መንደሮችን ታሪክ እንለቅማለን ብለው ከወንድሟ ጋር ካርታውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወጥተው፣ ከገሳይ በላይ ያለውን ዳገት ሲዞሩ ከርመዋል። እኔ ፊደል ስለማልለይ ጣቷን እያስኬደች አነበበችልኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

"'ሾላ ምንጭ' ይላል፣ እምዬ። ሄደን አየነው። ሾላ የለም፤ ሰዉም በዚህ ስም አያውቀውም።"

"በዚያ ብርድ ሾላ ከየት ይመጣል" ብሎ ወንድሟ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሾላ የተከልሁት እኔ ነኝ።

ሾላ ምንጭ በእብናት በኩል፣ ቆላው አፋፍ ላይ የነበረች፣ ምንጭ ዳር ከቆመ ሾላ ስሟን ያገኘች፣ የተወለድሁባት መንደር ናት። ልጆቹ ወደዞሩበት ደጋ ስዳር ገና ልጅ ነበርሁ። መንገዱ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ወደ እናት አባቴ ቤት የምሄድበት መልስ በክረምቱ ቀረ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አጨዳ ደረሰ። እናቴ መታመሟን ከገበያተኛ ሰማሁ። አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኋቸው።

"ገብሱን ማን ይሰበስበዋል፣ አንቺ" አሉኝ። "አንቺ" ነበር የሚሉኝ ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ወንዶቹ ሁሉ ለቀብር ርቀው ሄደው ሳለ ሦስት የካርታ ሰዎች በበቅሎ መጡ። ምንጩ ዳር እንስራዬን ስሞላ አገኙኝ። ጭጋጉ ገና ከሸንተረሩ አልተነሳም፤ እርጥብ ገብስ ይሸታል። ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶግራፍ ዘርግተው የየመንደሩን ስም ይለቅሙ ነበር።

"እህቴ፣ ይኼ አገር ማን ይባላል?" አለኝ እርሳስ የያዘው።

ወደ እንስራዬ አጎነበስሁ። መንደሩ የሚጠራው ባቀናው ሰው፣ በባሌ ቅድመ አያት ስም ነው፤ ለባሌ አባትም የወጣላቸው ስም ያው ነው። ሙሽራ የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሳም፣ ነውር ነው። ይኸው ለእናንተም አልጠራውም።

"ያለሽበትን አታውቂውም እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ጓደኛው "ተዋት፣ ሙሽራ ናት። ገና ከጓዳ መውጣቷ ነው" አለ።

አንድ ስም ማለት ነበረብኝ፤ በአፌ የነበረው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። "ሾላ ምንጭ" አልሁ። ጻፈው። እርሳሱ ወረቀቱን ሲጭር ዛሬም ይሰማኛል።

እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ዋሽቻለሁ፤ ያውም በመንግሥት ወረቀት ላይ። ሰዎቹ ወደ ቤታችን ሲያቀኑ አየሁና ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። ቁጣ ስጠብቅ ዋልሁ።  በሦስተኛው ቀን አማቴ የገብስ ዱቄት በስልቻ ቋጥረው፣ ባሌን አህያውን አስጫኑትና "እናትሽን እይ" አሉኝ።

"ገብሱስ?" አልኋቸው።

"ገብሱ እግር የለውም።"

እናቴን በሕይወቷ ደረስሁባት። አሥራ አንድ ቀን ከጎኗ አደርሁ፤ የዚያን ዱቄት አጥሚት ከእጄ ጠጣች። ከዚያ ቀበርኋት። ሾላው በኋላ ተቆረጠ፣ መንደሯም ተፈታች። ልጆቹ ካርታው ላይ በእብናት በኩል ፈለጓት። መስመር እንጂ ስም የለም።

አማቴ ለምን እንደሰደዱኝ የሰማሁት ስንት ዓመት ቆይቶ፣ በተዝካራቸው ዕለት ነው። የነገረችኝ የባሌ እህት ናት፤ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ገብስ ስታሰጣ ነበር። የካርታ ሰዎቹ "እናቴ፣ ምንጩ ዳር ያለችው ሙሽራ ሾላ ምንጭ አለችን፤ ልክ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም በሙሽርነት የመጡ ናቸው፤ ያን የመንደሩን ስም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠርተውት አያውቁም፤ ሾላ ምንጭ የማን አገር እንደሆነች ግን ያውቃሉ። ወደ ቆላው ትንሽ አዩና፣

"ልጄ እንዳለቻችሁ ጻፉት" አሉ።